አዲስ ቅጠል ሲጠቁር

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በየመኗ ኤደን ከተማ፣ በመንሱራ ሰፈር፣ በሲት ኢንቲሳር ቤት በረንዳ ላይ፣ ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ አንድ ቅጠል ጠቆረ።

ከተማዋ ይህን አልሰማችም። መብራት ከሄደ ዘጠኝ ሰዓት ስላለፈው ሰው ሁሉ የራሱን ላብ በመጥረግ ተይዟል። ቅጠሉን ያየችው የቤቱ ሠራተኛ ሀዋዬ ብቻ ናት፤ እሷም ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነው። በጥርሷ የያዘችው የልብስ መቆንጠጫ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ያ ረቢ! ደግሞ አዲሱ?» አለች።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነው። በረንዳው ላይ ሦስት የአበባ ማሰሮዎች አሉ፤ በሦስቱም ውስጥ የበቀሉት ተክሎች ዝንብ ይበላሉ። የማያምን ይሳቅ፤ ሀዋዬም መጀመሪያ ስቃለች። አንዷ ቅጠሏ አፍ ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ሽፋሽፍት የመሰለ ጥርስ ተደርድሮበታል፤ ተከፍቶ ይጠብቅና ዝንብ ሲያርፍበት ግጥም ይላል። እሷን ቤቱ «አፋሟ» ይላታል። ሁለተኛዋ ከቅጠሎቿ ጫፍ ትንንሽ ገንቦ ስለምታንጠለጥል «እንስሪት» ተባለች። ሦስተኛዋ ቅጠሏ ላይ የሚያጣብቅ ጠል ስላለ «ጤዛ»። ሀዋዬ ከሚሴ ሳለች የምታውቀው ተረት «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ነበር። አፋሟን ካየች ወዲህ ግን ተረቱን የፈጠረው ሰው አገር ያልዞረ መሆኑን ጠርጥራለች።

ተክሎቹ የኢሳም ናቸው። ኢሳም የሲት ኢንቲሳር የበኩር ልጅ ሲሆን ሙከላ በሚገኝ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ቴክኒሻን ነው። የሥራ ባልደረባው ከማሌዢያ ሲመለስ አመጣለት፤ ሙከላ የሚተኛበት ክፍል መስኮት ስለሌለው ደግሞ እናቱ ቤት ትቷቸው ሄደ። ሲት ኢንቲሳር ተክሎቹ በገቡ ቀን «ሥጋ የሚበላ ሣር! ሐላል ነው ሐራም?» ብለው ሸኽ አስጠየቁ። ሸኹም «በዪው ያለሽ አለ እንዴ?» አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በረንዳው ላይ ቆመው የታዩት «ይሄ ጉድ አሁንም አልሞተም?» ለማለት ብቻ ነው።

ጠባቂዋ ሀዋዬ ሆነች። ኢሳም ሊሄድ በተነሳበት ቀን መሬት መሬቱን እያየ (ሲያወራ ልማዱ ነው) እንዲህ ብሎ አስተምሯታል፦

«አሮጌ ቅጠል ቢጠቁር ዕድሜው ነው። ቁረጪውና እርሺው። አዲስ ቅጠል ቢጠቁር ግን ውሃው ነው። ውሃውን ፈልጊ።»

«ብትገረጣስ?»

«ብርሃን አንሷታል። ጫፏ ከደረቀ ፀሐይ በዝቶባታል። የቧንቧ ውሃ እንዳትነኪያት። ማዳበሪያም፣ ፍግም የለም። ድሃ መሬት ላይ የበቀለች ናት፤ ድሎት ያቃጥላታል።»

«እንደኛ ነቻ» አለች ሀዋዬ፤ ቀልዳ ነው።

ኢሳም ግን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። ያ ቀና ማለት ሰባት ወር ሙሉ ሀዋዬን ልብስ ስታጥብ አብሯት ሲያጥብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ አብሯት ሲከትፍ ኖረ።

*

የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች በሀዋዬ ስልክ ነበር የመጡት። በሁለተኛው ሳምንት ሲት ኢንቲሳር መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ደንብ አወጡ፦

«ስለ ሣር ከሆነ በሪም ስልክ ይምጣ። ሣር ምስጢር የለውም።»

ሪም የኢሳም እህት ናት፤ ነርስነት ትማራለች፤ ዓለም ሁሉ ተከታታይ ድራማ ይመስላታል። ስለዚህ የማክሰኞው ቅጠል ፎቶ በሪም ስልክ ተነስቶ በሪም ስልክ ሄደ። መልሱም ለዓስር ሶላት ሩብ ሰዓት ሲቀረው ማድ ቤት መጣ። ሪም ማቀዝቀዣው ላይ ተደግፋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የወንድሜ የእርሻ ፕሮግራም ተጀምሯል። አድማጮች፣ ጸጥታ። "ፎቶውን አየሁት። የጠቆረው ከመሃል የወጣው ከሆነ ሥሯ ተነክቷል። በመቀስ ከሥሩ ቁረጡት። ማሰሮዋን በሙከይፍ ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቡ፣ ከታች እስኪፈስ ድረስ። ከቀትር ፀሐይ አንሷት። ዝንብ አታጉርሷት፤ የታመመ በግድ አይጎርስም። አብሽሩ።"»

ሙከይፍ የሚሉት የአየር ማቀዝቀዣውን ነው። የኤደን የቧንቧ ውሃ ከጨው ጋር የሥጋ ዝምድና ስላለው፣ ለአፋሟ የሚስማማት ከሙከይፉ ቱቦ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነበር። ሙከይፉ የሚሠራው ደግሞ መብራት ሲመጣ ነው። መብራት የሚመጣው አላህ ሲለው ነው።

«አለቀ?» አለች ሀዋዬ።

«ገና ነው።» ሪም ቅንድቧን አነሳች። «"ለልክ እንዲሆነኝ እጅ አጠገቧ ይቀመጥ ብዬ ነበር። የተቀመጠው እጅ አውራ ጣቱ ሥር የተቃጠለ ነገር አይቻለሁ። እሱም ቀለሙን ቀይሯል። ማር ይቀባ። በዚያ እጅ ሦስት ቀን ድስት አይነሳ።"» ስልኩን ዝቅ አደረገችው። «ይሄም ለአፋሟ ነው?»

ሀዋዬ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ሲት ኢንቲሳር «ምን አለ?» አሉ።

«ማር ቀቡ ይላል፣ ኡሚ።»

«ሣሩን?»

«ሣሩን።»

«ወይ ጥጋብ! ሣር ማር ሲቀባ!» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። አሥር ያህል ፍሬ ካለፈ በኋላ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ማሩ ከላይኛው ቁም ሳጥን ነው» አሉ።

በዚያ ቤት ሁሉም ያውቅ ነበር። ሁሉም ደግሞ ስለ ሣር ያወራ ነበር። ሀዋዬ በዚያ ቀን ማሩን ስትቀባ ቁስሉ አልነበረም ያቃጠላት፤ አምስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ያየው እጅ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ያሉት ሳያዩት መክረሙ ነው።

*

የታዘዘውን ሁሉ አደረገች። የጠቆረውን ቆረጠች። መብራት ሲመጣ የያዘችውን ጥላ ወደ በረንዳው ትሮጣለች፤ የመጀመሪያው ጠብታ አቧራ ስላለበት ትደፋዋለች፤ ከዚያ ጀሪካኑን ትደቅናለች። በሁለት ሰዓት መብራት ግማሽ ጀሪካን። ከቀትር ፀሐይ የሚከልል መጋረጃ የለም፤ የዒድ ሻርፗን ዘረጋችው፤ ሻርፑ በሳምንት ቀለሙ ሸሸ። ሰው ለሣር ሻርፕ ሲገፍፍ ያየ ጎረቤት ብዙ ነገር ሊል ይችላል፤ ደግነቱ ጎረቤቱም ሙቀቱ አፉን ይዞታል።

አዲስ ቅጠል መጣ። አፉን ሳይከፍት ጠቆረ። ሌላ መጣ፤ እሱም ጠቆረ። የአፈሩ ፊት ላይ እንደ ደረቀ እንባ ነጭ ነገር ጋገረ። እንስሪትም መገርጣት ጀመረች።

ከሙከላ የሚመጣው መልእክት እያጠረ ሄደ። «የቧንቧ ውሃ ነክቷታል?» ሀዋዬ፦ «ወላሂ አልነካትም በይው።» «ሌላ ውሃስ?» «ወላሂ።» «እንዴት ነጭ ጋገረ?» ሀዋዬ ምን ትበል? ወላሂን ስንት ጊዜ ትማል?

በአሥረኛው ቀን ፈጅር ከሰገደች በኋላ ሊጥ ልታይ ስትነሳ የበረንዳው በር ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ አየች። ሲት ኢንቲሳር ናቸው። እኚያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ «ይሄ ጉድ አልሞተም?» የሚሉት ሲት ኢንቲሳር፣ ሣሩ ፊት ተንበርክከዋል። በአንድ እጃቸው ፊንጃል፣ በሌላው እህታቸው ከሐጅ ስትመለስ ያመጣችላቸው የዘምዘም ጠርሙስ። ፋቲሓን በቃላቸው ቀሩ። ፊንጃሉ ላይ እፍ አሉ። አንድ ለአፋሟ፣ አንድ ለእንስሪት፣ አንድ ለጤዛ።

«ያ ረቢ፣» አሉ በቀስታ፣ «ይቺ የልጄ እጅ ናት። አታድርቅብኝ።»

ሀዋዬ ወደኋላ ተራመደች። ሊጡ ዘንድ ደርሳ ቆመች። ውሃውን አግኝታዋለች። ዘምዘም የከበረ ውሃ ነው፤ ከዓለት ውስጥ የወጣ፣ ማዕድን የሞላበት፤ ለሰው ልጅ ሺፋ፣ ፈውስ ነው። ለአፋሟ ግን ያው ድሎት ነው። ድሃ መሬት ላይ የበቀለች ናት ብሏል።

ይህን የሚናገር አፍ ግን ከየት ይምጣ? «እናትህ ናቸው የገደሏት» ይባላል? «ዘምዘም ነው ያጠቆራት» ይባላል? ደግሞም ከሦስት ዓመት በፊት ባሕር ተሻግራ ከጀልባ ወርዳ ከተያዘችበት ግቢ «ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» ብለው ፈርመው ያወጧት እኚሁ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ውለታ ኮርቻ ነው፤ ተመቸም አልተመቸም ጀርባ ላይ ይቀመጣል።

ከሁሉም በላይ ያን «አታድርቅብኝ» ሰምታዋለች። በዚህ ቤት ኢሳምን በጓሮ በር የምትወደው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። እናትየውም በጓሮ በር ነው ለካ። ሀዋዬ ሊጡን ነካካችውና፣ የማታውቀው ድካም ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማት።

*

ሰኞ ዕለት ሲት ኢንቲሳር ሩዝ ሊለቅሙ ማድ ቤት ገቡ። ሩዝ ለቅመው አያውቁም።

«ኢሳም ሐሙስ ይመጣል» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ማማ።»

«ኡም ዋኤል ልጇን ሰሃርን ይዛ ትመጣለች። ይተያያሉ። ደኅና ልጅ ናት፤ ክሬተር ሰፈር ሱቅ አላቸው፤ ዘራቸው የታወቀ ነው።» አንድ ጠጠር አገኙና ትሪው ዳር አስቀመጡ። «ከዚያ በኋላ አንቺ ቡረይቃ እህቴ ቤት ትሄጃለሽ። ሥራው ቀላል ነው። ባሕሩም ቅርብ ነው።»

ሀዋዬ ቢላዋውን አላቆመችም። ሽንኩርት ጥሩ ነገር ነው፤ ለሁሉም እንባ ኃላፊነት ይወስዳል።

«አጥፍቻለሁ እንዴ ማማ?»

«አላጠፋሽም። እሱ ነው የከፋው።» ሲት ኢንቲሳር ረጅም ተነፈሱ። «ስሚኝ ሀዋዬ። እኔ ደሴ ተወልጄ በሃያ ዓመቴ ነው እዚህ የገባሁት። አርባ ዓመት ሙወለድ ሲሉኝ ኖርኩ፤ ግማሽ። አረቡ ግማሽ፣ አበሻው ግማሽ። ልጄ ግማሹን እንዲሞላ እንጂ እንዲቀንስ አልፈልግም። ለኡም ዋኤል አባቴ ሐበሻ አገር ሁለት ዓመት ነገዱ ብያታለሁ፤ በቃ። ይኸው ነው። እኔም ደክሞኛል።»

የተናገሩት በአማርኛ ነበር፤ በደሴ አማርኛ፣ ሀዋዬ እናቷ ዘንድ በምታውቀው።

«እሺ ማማ» አለች።

በዚያው ከሰዓት የሙከላው መልእክት መጣ። ሪም በልቧ አነበበችው፤ ጉሮሮዋን አልጠረገችም፤ ለአድማጮችም ሰላምታ አላቀረበችም።

«አንብቢው» አለች ሀዋዬ።

«ይቅርብሽ።»

«ሪም፣ በአላህ።»

«"ፎቶውን አየሁ። ውሃ ተቀይሯል። ሰው ይዋሻል፣ ቅጠል አይዋሽም። ሐሙስ ለምን እንደምመጣ ሰምታ ከሆነና ከሰለቻት፣ ሰለቸኝ ማለት ትችል ነበር፤ እነሱን መቅጣት አልነበረባትም። ኸላስ። ጣሏቸው።"»

ማቀዝቀዣው ያለ መብራት ዝም ብሎ ቆሟል። ሪም ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ምን ልበለው? እኔ የቀጣሻቸው አይመስለኝም። ንገሪኝ፣ እጽፍለታለሁ።»

ሀዋዬ ለመናገር አፏን ከፈተች። በኮሪደሩ ማዶ የሲት ኢንቲሳር መቁጠሪያ ይንኳኳል። አፏን ዘጋች።

«"እሺ" በይው» አለች።

አልጣለቻቸውም። ከመብራት ጋር ሮጠች፣ ጠብታውን ደቀነች፣ ሻርፑን ዘረጋች። እያዳነቻት እንዳልሆነ ታውቃለች። ማንም እየጠየቃት እንዳልሆነም ታውቃለች። ሰው አንዳንዴ መቆም ስለሚደክመው ብቻ መሮጡን ይቀጥላል።

*

ሐሙስ መጣ፤ ኢሳምም መጣ። በሌሊት አውቶቡስ ተንገላትቶ ጠዋት ገባ፤ ሀዋዬ ከማድ ቤት ሳትወጣ ድምፁን ሰማች። «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲል ለቤቱ ሁሉ ነው፤ እሷም ከቤቱ አንዷ ስለሆነች በልቧ መለሰች።

ከዓስር በኋላ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ሲት ኢንቲሳር የመጨረሻ ደንባቸውን አወጁ፦ «ዛሬ በዚህ ቤት አማርኛ የለም። ጭራሽ።»

ኡም ዋኤል ስትገባ ሽቶዋ ቀደማት። ጓንቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፤ ሳሎኑን ከጣሪያው ማራገቢያ እስከ ምንጣፉ ጠርዝ ለካችው። ሰሃር አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቀጭን፣ ዓይነ ጥልቅ ልጅ ናት፤ ከቤቷ የወጣችው ተጎትታ ይሁን ወድዳ ፊቷ አይናገርም። ኢሳም ለመተያየቱ ተጠርቶ ገባና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ሀዋዬ የጭማቂ ትሪ ይዛ ስትገባ የምትራመድበትን መሬት አየ። እሷ ነጭ ካልሲውን አየች። መተያየት ማለት ይኸው ነው፤ ለሌላ ሰው በተዘጋጀ ቀን።

«እና ያ ዝንብ የሚበላው ተክል የታለ?» አለች ኡም ዋኤል በአረብኛ። «ሪም ስልኳ ላይ ለጥፋው አይቻለሁ። ሰሃር አላመነችኝም።»

ሲት ኢንቲሳር «ሣር ነው እኮ፣ ምን ይታያል» አሉ።

«ኧረ ይምጣ፣ እንሳቅበት።»

ሀዋዬ አመጣችው። ምን ምርጫ አላት? አፋሟን ከነሳህኗ በትሪ ላይ አድርጋ ምንጣፉ መሃል አስቀመጠቻት። ከአሥራ አንድ ቅጠል ዘጠኙ ጥቁር። ቀሪዎቹ ሁለቱ አፋቸውን በግማሽ ከፍተው እንደ ደከመው ሰው ተቀምጠዋል።

«ይቺ ናት ዝንብ የምትበላው?» ኡም ዋኤል ሳቀች። «ዝንቡ ነው የበላት!»

ኢሳም ከተቀመጠበት ተነስቶ ተንበረከከ። ከሸሚዝ ኪሱ እስክርቢቶ የምትመስል የውሃ መለኪያ አወጣ፤ የሥራ ነገር ነው፣ ሌላው ሰው ማበጠሪያ እንደሚይዘው እሱ ይህችን ይይዛል። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ቁጥሯ ትንሽ ይሆናል፤ ጨውና ማዕድን ካለበት ይጨምራል። ከማሰሮዋ ወርዶ ሳህኑ ላይ በተጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነከራት። ሰባት መቶ አርባ።

«የምታጠጫትን ውሃ አምጪ» አለ። ለትሪው ነው የሚመስለው።

ሀዋዬ ጀሪካኑን አመጣች። ነከረ። ዘጠኝ።

ኢሳም ለረጅም ጊዜ ቁጥሩን አየው። ዘጠኝ ማለት ሰባት ወር ሙሉ የመጀመሪያውን ጠብታ የደፋ፣ ጀሪካኑን በየቀኑ ያጠበ፣ አንድም ቀን ያልሰለቸው ሰው ማለት ነው። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ በዚያ ሳሎን የለም። ጆሮው ቀላ።

«የአንቺ ውሃ ይሄ ነው። ሌላውን ማን ነው የሚሰጣት?» አላት በአረብኛ።

«እኔ» አለች ሀዋዬ።

«ምን ውሃ?»

«የቧንቧ።»

«የመንሱራን ቧንቧ አውቀዋለሁ። እሱ ቢሆን ከወር በፊት በሞተች። ለምን ትዋሺኛለሽ?»

የሀዋዬ አረብኛ የማድ ቤት አረብኛ ነው። «አጠብኩ»፣ «አለቀ»፣ «ሐዲር፣ እሺ» የሚሉትን ይዟል። ለዚህ የሚሆን ቃል ግን ማንም አላስተማራትም። ስለዚህ ከአፏ የወጣው አማርኛ ነበር።

«እንዳትጠይቀኝ። ጣሏት ብለሃል አይደል? አልጣልኳትም። በቃህ።»

«ሰለቸሽ ብዬ ነበራ!» አለ ኢሳም፤ እሱም በአማርኛ፣ ደንቡ ከጆሮው ወድቆ። «የመምጣቴን ምክንያት ሰምታ እጇን አነሳች ብዬ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። አንድ ቃል ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«በሪም ስልክ? ጮክ ተብሎ ይነበብ?»

«ይነበብ!»

«አንተ ሩቅ ሆነህ ትናገራለህ። እኔ እዚሁ ነው የማድረው።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ደከመ እንጂ። «እጄ ሲቃጠል አየህ። እሺ፣ እጄን አየህ። እኔ ሰባት ወር አንድ ቀና ማለትህን ይዤ ነው የኖርኩት። ሐሙስ ትመጣለህ፣ ትታጫለህ፣ እኔ ቡረይቃ እሄዳለሁ። አንድ ሣር ስለሞተ ነው እውነት የምታስለፈልፈኝ?»

«ቡረይቃ?» አለ ኢሳም። እናቱን ዞሮ አያቸው።

ኡም ዋኤል ከአንዱ ወደ ሌላው ትመለከታለች። አማርኛ አታውቅም፤ ግን አርባ አምስት ዓመት በዚህ ምድር ኖራለች። «ምንድን ነው የሚሉት?» አለቻት ሪምን።

ሪም ወደ ጀሪካኑ ጠቆመች። «ስለ ውሃ ነው።»

«ስለ ውሃ ሰው እንዲህ አይነጋገርም» አለች ሰሃር። ከገባች የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ቅያሜ አልነበረም፤ ከባድ ዕቃ የተቀበሏት ሰው ትንፋሽ ነበረበት።

መሃል ላይ አፋሟ ተቀምጣለች። ሲት ኢንቲሳር መቁጠሪያቸውን ሊቆጥሩ ሞከሩ፤ ጣታቸው ፍሬው ላይ ቆመ። ስልሳ ዓመት የሞላው ፊታቸው በአንዴ ስልሳውን አሳየ። በዓይናቸው ጥግ ኡም ዋኤልን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ በመጨረሻም ሀዋዬን፤ ሀዋዬ ግን እሳቸውን አላየችም፤ እንዳታጋልጣቸው ብላ ጭምር ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላለች።

«እኔ ነኝ» አሉ።

በአማርኛ ነው የተናገሩት። በደሴ አማርኛ፣ ሳይንተባተቡ፣ ሁለት ዓመት በነገደ አባት የማይገኝ።

«ዘምዘም ነው። በየማለዳው፣ ገና ሳትታመም ጀምሬ። ትጠነክርልኛለች ብዬ። ልጄ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ።» መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ይቺ ልጅ አይታኛለች። በሩ ሥር ቆማ አይታኛለች፤ እኔም ጥላዋን አይቻለሁ። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረችም። አንተ ዋሾ ስትላት ዝም አለች፤ እኔም ዝም ስትል እያየሁ ዝም አልኩ። ቡረይቃ የምልካት ለዚህ ነው፤ ክፉ ሆና አይደለም። ማታ ማታ ፊቷን ማየት አቃተኝ።»

«ኡሚ...» አለ ኢሳም።

«ተወኝ። ደክሞኛል ልጄ። አረብ መሆኑም ደክሞኛል፣ ሣሩን መጥላቱም ደክሞኛል።»

ኡም ዋኤል አንድም ቃል አልገባትም። ሁሉም ገብቷታል። ጥቁር ጓንቷን ከጭኗ አነሳችና፣ ሳትቸኩል፣ ከትንሿ ጣት ጀምራ ማጥለቅ ያዘች። ሰሃር እናቷን ተከትላ ተነሳች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ለሀዋዬ በጭንቅላቷ ሰላምታ ሰጠች፤ ማንም ለሠራተኛ የማይሰጠውን ዓይነት።

በሩ ተዘጋ። ሪም እንግዳ መሸኘቷን ረስታ ቆማለች። ኢሳም እንደተንበረከከ ነው፤ ደግሞ የሚያየው መሬት የለውም፤ ቀና ብሏል።

ሀዋዬ ልማዷ ነውና የጭማቂውን ብርጭቆ ልትሰበስብ ጎንበስ አለች። ሲት ኢንቲሳር ትሪውን ከእጇ ወሰዱና ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ኡም ዋኤል ወደተነሳችበት ቦታ ገፋ ገፋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ፍራሽ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

ሀዋዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጠች።